ነጠላ የጫማ ክሮች

ልጅቷ የወንድሟን ጃኬት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የጫማ ክር ወጣ፣ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ፣ ሁሉም ነጠላ ነጠላ። በከተማቸው ጥቁሮችን እየመረጠ የሚገድለው ሰውዬ ከየሟቹ ጫማ አንዱን ክር ፈትቶ እንደሚወስድ ጠዋት በሬዲዮ ሰምታለች። እናቷ ደግሞ ወንድሟ "ድምፅ ይሰማኛል" ባለ ቁጥር "ልጄ እብድ አይደለም" እያለች ሐኪም ቤት አልወሰደችውም።

በሩ ተንኳኳ። ጥቁሩ ጎረቤታቸው ነበር፣ ያ ሲስቅ ደረጃው ሁሉ አብሮት የሚስቅ የሚመስለው ጋሼ።

"የኔ ቆንጆ፣ ጎረምሳ ወንድምሽን አውሺኝ። እስከ ፌርማታ ይሸኘኝ፤ ሰሞኑን ጥላዬንም መፍራት ጀምሬያለሁ።"

ወንድሟ ከኋላዋ መጣ። ፈገግ ብሎ የጋሼን ጫማ ያይ ጀመር፣ ዓይኑንም አልነቀለም።

"እኔ ልሸኝዎት" አለች። ክሮቹን እንደጨበጠች ወጣችና የምትወደው ወንድሟ ላይ በሩን ከውጭ ቆለፈችበት።

"በፖሊስ ጣቢያው በኩል እንሂድ፣ ጋሼ።"