ሁለተኛው ጣሳ

ሰበቃ፣ ያ ነገር እንዳያንሸራትት የሚይዘው ኃይል፣ በራሽን ከሆነ ሦስት ዓመት ሞላው። ቀበሌ ለእያንዳንዱ ሰው በወር አንድ ትንሽ ጣሳ የሰበቃ ቅባት ያድላል፤ ያልተቀባ ነገር ሁሉ እንደ እርጥብ ሳሙና ያሟልጫል። እኛ ቤት ትሪውን ከጠረጴዛው ጋር በገመድ አስረን ነው የምንበላው።

እኔ ጣሳዬን እየቆጠብኩ እጄንና እግሬን እቀባለሁ። እህቴ ስምረት ግን የትምህርት ቤታችን ሯጭ ስለሆነች በወር ሁለት ጣሳ ትጨርሳለች። እሷ ስትፈተለክ እኔ እንደ አሮጊት ግድግዳ ይዤ እሄዳለሁ። እንዴት እንደሚያንገበግበኝ አትጠይቁኝ!

ትናንት ደግሞ አንደኛ ወጣችና ሜዳሊያዋን አንጠልጥላ እራት ቀረበች። አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ከኔ ጣሳ እየቀነስሽ ለሷ ትሰጫለሽ አይደል?»

«ኧረ ባክሽ ዝም ብለሽ ብዪ!»

«ካጎረስሽኝ ራሱ ስንት ጊዜሽ!»

እማዬ ስቃ እንደምንም ጠቀለለችና ወደ አፌ ዘረጋች። ጉርሻው ሳይደርስ ከጣቶቿ ሾልኮ ቀሚሷ ላይ ወደቀ። ደገመች፤ አሁንም ሾለከ። ስምረት አንገቷን ደፋች።

ለካ ሁለተኛው ጣሳ የእማዬ ነበር። ለካ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ የምትውለው እንደምትለን ጉልበቷን አሟት አይደለም።

ጣሳዬን አምጥቼ የቀረችኝን ጠርጌ ጣቶቿን ቀባሁላት። እስከ ወር መጨረሻ እንግዲህ በቂጤ ነው የምሄደው።

«በይ አጉርሺኝ። ለሯጯ ግን እንዳትሰጪ!» ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ጉርሻው ቅባት ቅባት ይላል። ዋጥኩት።