ከዱቄቱ ሥር

«የብየዳውን ዱቄት አደረቅሽው?» አለ አባቷ ከላሜራው ወዲያ ጫፍ።

«አንተ ደግሞ፣ ትናንት የተወለድኩ ታስመስለኛለህ። አድርቄዋለሁ።»

የት አድርቃው። ምድጃው እስኪግል መጠበቅ ታክቷት እርጥቡን እንዳለ ላሜራው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነስንሳዋለች። አባቷ ግን ለባልደረባው «ልጄ ካለች አለቀ» እያለ ሲኮራባት ሰማች፤ ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ይህ ላሜራ ቦይለር ሆኖ እንፋሎት ሲሞላ አጠገቡ የሚቆመው እሱ ራሱ ነው።

የዚህ ብየዳ እሳት አይታይም፤ ዱቄቱ ሥር ተደብቆ ሲንተከተክ ብቻ ይሰማል። ማሽኑ መሃል ሲደርስ አላስቻላትም፣ አጠፋችው። ከኋላው ያለውን ዱቄት ጠርጋ ቀልጦ የረጋውን ቅርፊት አነሳች። ብየዳው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል።

«አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «አላደረቅኩትም።»

«መጀመሪያ ማሽኑን አጥፊው» አላት።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ሲንተከተክ ይሰማኛል እኮ። ገመዱን ንቀዪው።»

ነቀለችው፤ ጫፉንም ከፍ አድርጋ አሳየችው። ማሽኑ ካቆመችው ቦታ ንቅንቅ አላለም። ከፊቱ ግን፣ ገና ባልደረሰበት ላሜራ ላይ፣ ያ ድምፅ ከዱቄቱ ሥር እየተንተከተከ አባቷ ወደቆመበት ጫፍ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር።