መቶ ከመቶ

ዶክተር ዘሪቱ ጥናቷን የምትመራው ከግንደወይን ነው። ቢሮዋ ጠባብ፣ ጥርጣሬዋ ሰፊ ነው።

ገበሬው ሐኪም ፊት ቀርቦ «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል፣ አንዱ መዝጋቢ የልብ ሕመም፣ ሌላው ጨጓራ ብሎ ይጽፋል። ይህ እንዲቀር የጋራ የሕመም ስም ዝርዝር ተዘጋጀ፤ ለእያንዳንዱ ስም ቁጥር ተሰጠው። መዝጋቢዎቹ ሰማው ቢቸና ከተማ፣ ሳሊሃ ሞጣ ከተማ ሆነው ሁለቱም የእነዚያኑ ሁለት መቶ ሕመምተኞች ቃል እያነበቡ፣ ሳይመካከሩ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ ይሞላሉ። ከመቶው በሰማንያው ካልተስማሙ ጥናቱ ይዘጋል። ከተመካከሩ ደግሞ ሁለቱም ይባረራሉ።

የሕመምተኞቹ ቃል የተጻፈበትን ወረቀት ለሁለቱም የሚያደርሱት አቶ ፋንታ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ናቸው፤ ቤት መዋል ስላስጠላቸው በአውቶቡስ ይመላለሳሉ። የመዝጋቢዎቹን ሥልጠና እንኳ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ ሻያቸውን እየጠጡ እስከ መጨረሻው ተከታትለዋል። ፖስታው ሁልጊዜ ሁለት ቀን ይዘገያል። መንገዱ ነው ይላሉ።

የመጀመሪያው ውጤት መጣ። መቶ ከመቶ!

ዝርዝሩ የተሠራው ሰዎች እንዲስማሙ ነበር፤ ሲስማሙ ግን ዶክተሯ ደነገጠች።

«እነዚህ ልጆች ይደዋወላሉ» አለች።

«ኧረ እነሱ!» አሉ አቶ ፋንታ። «ሥልጠናው ላይ ልብ ነው ጨጓራ ነው ተባብለው እንደተኳረፉ ናቸው፤ የእግዜር ሰላምታም የላቸው።»

«ማስመሰያ ነው።»

በሁለተኛው ዙር የሁለቱንም ስልክ ሰብስባ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። የሳሊሃ እናት ስልኳ አልነሳ ሲላቸው ልጃቸው የጠፋች መስሏቸው ሞጣ ድረስ መጥተው ከተማውን አመሱት። ውጤቱ አሁንም መቶ ከመቶ ሆነ።

ዶክተሯ ሁለቱንም ግንደወይን ጠራቻቸው።

«ዝርዝሩ ግልጽ ስለሆነ ነው» አለ ሰማው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

«ከእሱ ጋርማ ወላሂ አንዲት ቃል አልተለዋወጥኩም!» አለች ሳሊሃ። እንባዋ ቀርቧል። ሁለት ታናናሾቿ የሚማሩት በእሷ ደመወዝ ነው፤ ሥራውን ማጣት በጣም አስፈርቷታል።

«እንግዲያው ማን ነው ያስማማችሁ?»

ዶክተሯ ወረቀት ስባ የስንብት ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች።

በር ላይ የቆሙትን አቶ ፋንታን ልጆቹ አሳዘኗቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ።

«ዶክተር፣ ልጆቹን ይማሯቸው። ከእንግዲህ ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት አይላኩ፤ ያንኑ ቁጥር ወረቀታቸው ላይ ሁለቴ መሙላት ሰለቸኝ።»