ቀዩ መብራት እስኪጠፋ

የቧንቧ ሠራተኛው ከሟች ባለቤቱ ወራሾች ከገዛው ሁለት ሳምንት ያልሞላው ፒካፕ፣ ፀረ-ስርቆቱ ቆልፎበት አልነሳም አለ። መካኒኩ ጋ ሲደውል፣

“ስንቴ ልንገርህ? ቁልፉን አዙርና አሥር ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ” አለው። “ባለቤቱ ውስጥ መሆኑን ሲያምን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራት ይጠፋል። ከዚያ በፊት በር ከከፈትክ እንደገና ከዜሮ ነው።”

“በገዛ መኪናዬ ሌባ ልሁን?”

“ከሱ ጋር ተጨቃጨቅ፤ እኔን ተወኝ” ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ቁልፉን አዙሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። አራት ደቂቃ ያህል እንደቆየ፣ ተሳፋሪ ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የሚጮኸው ደወል ጀመረው። ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ የመሣሪያ ሣጥኑን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው። ደወሉ ጭራሽ ባሰበት። ወንበሩን በቡጢ ደቃው፤ ምንም ለውጥ የለም።

ደሙ ፈላ። ባዶው ወንበር ላይ አፈጠጠበት።

“እሰርና ገላግለኝ እንግዲህ፤ አደነቆርከኝ።”

ቀበቶው ከላይ ቀስ እያለ ተሳበ። በወንበሩ ፊት፣ የአንድ ወፍራም ሰው ደረት የሚያህል ቦታ ትቶ ዞረና ቀጭ ብሎ ገባ።

ደወሉ ዝም አለ። ገና አምስት ደቂቃ የቀረው ቀዩ መብራትም ወዲያው ጠፋ።