የናሆም ጉልበት

የተጎዳ ተጫዋች ሕመም በፋንታሲ እግር ኳስ ውርርድ ለቡድናቸው ለመረጡት ሰዎች እንዲከፋፈል ከተደነገገ ወዲህ ማንም ዝም ብሎ አይመርጥም። እናት ደግሞ ልጇን መምረጥ አይፈቀድላትም።

አምና የናሆም እናት የውባለም ባል ወንድም ጋሽ ዘርጋው፣ ሰፈሩ ሁሉ ምክሩን የሚሰማው የተጫዋቾች ገምጋሚ፣ «የናሆም ጉልበት አልቋል፤ እንዳትነኩት!» ብሎ አወጀ። ልጇን የሚመርጥ አንድ እንኳ ሰው ጠፋ። ናሆም ሕመሙን ብቻውን ተሸከመ። ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለው ዓመቱን ሙሉ የጫማውን ክር ያሰረችለት እሷ ናት።

የዘንድሮው የጥሎ ማለፍ ምርጫ ሊዘጋ ሲል ጋሽ ዘርጋው እንደ ልማዱ ወሬ ሊቃርም መጣ። ከማንኳኳቱ በፊት በሩ ላይ ጆሮውን እንደሚጥል ታውቃለች። ኮቴውን ስትሰማ ወደ ማርያም ሥዕል ዞራ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ተመስገን እመቤቴ! የልጄን ጉልበት ፈወስሽልኝ!»

ሰውየው ሳያንኳኳ ተመለሰና ናሆምን አምበል አድርጎ መረጠው። አምበል አድርጎ የመረጠ ሰው ሕመሙን ሁሉ ይወስዳል፤ ምርጫውም እስከ ዋንጫው አይቀየርም።

እሑድ ናሆም ሁለት ጎል አግብቶ የቤታቸውን ደረጃ እየዘለለ ወጣ። ከኋላው ጋሽ ዘርጋው እያነከሰ ገብቶ ወንበር ላይ ወደቀ።

«ውቤ፣ እኅቴ፣ የጫማዬ ክር ተፈታብኝ። ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ።»

«የናሆምን አምና ማን አሰረለት፣ ጋሼ?»

«ተፈወሰ ስትዪ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ እኮ!»

«ከእመቤቴ ጋር ነበር የማወራው። እርስዎን ማን ጠራዎት?»

ቀና ብላ ሥዕሉን ማየት አፈረች። በሐሰት አመስግናለችና ንስሐ መግባት አለባት። የምትገባው ግን ከዋንጫው በኋላ ነው።