ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር

የሆስፒታላችን የስብሰባ አዳራሽ አዲስ መጋረጃ የተሰቀለለት መሆኑን ለክቡራን የኮሚቴ አባላት በታላቅ ደስታ እናበሥራለን። ሰብሳቢያችን ይህን የሚያነቡት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነው። መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ቡናማ ነው፤ ብርሃን የሚባል አያሳልፍም። እናጨበጭባለን።

ከዚያ ወደ ትንሿ አጀንዳ እንዞራለን፦ ይህ ሆስፒታል በጎርፍ ቢዋጥ የሕሙማን መዝገብ ቅጂ የሚተርፍበት መጠባበቂያ ዳታ ሴንተር የት ይሁን?

ቢዋጥ አልኩ እንጂ ተውጦ ያውቃል። የዛሬ ሦስት ዓመት ወንዙ ምድር ቤት ገብቶ በኮምፒውተር ባለሙያነቴ እኔ የምይዛቸውን፣ መዝገቡ የተቀመጠባቸውን ሰርቨሮችም፣ የወረቀት ካርዶቹንም አንድ ላይ ጨረሳቸው። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ከጭቃ ያወጧቸውን ካርዶች እንደ ልብስ ገመድ ላይ ሰቅለው ሦስት ሳምንት ጠበቁ። ካርዱ ደረቀ፤ ጽሑፉ ግን አልተመለሰም። በዚያ መሃል አንዲት ወላድ የማይስማማትን መድኃኒት ተወጋች። አልነቃችም።

«መመሪያው ከሆስፒታሉ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ይራቅ ነው የሚለው» ይላሉ ሰብሳቢው። «እኛ ስልሳ ሁለት አግኝተናል። አሥራ ሁለቱን መርቀናል ማለት ነው።»

«በምን ተለካ?» እላለሁ።

«በመኪና ነዋ ወንድሜ። በስንዝር ኖሯል የምትፈልገው?» ኮሚቴው ይስቃል። ሰብሳቢው በር ላይ ወደቆመው ሾፌር ይዞራሉ። «አንተ፣ ቆጣሪው ስንት አለ?»

«ስልሳ ሁለት፣ ጋሼ።» ሾፌሩ ኮፍያውን በእጁ ያሻል። «መቼስ ድልድዩ በጎርፉ ከተወሰደ ወዲህ በላይ በኩል ዞረን ስለሆነ...»

«የተጠየቅከውን ብቻ።»

«ስልሳ ሁለት ነው፣ ጋሼ።»

ቃለ ጉባኤው መዞር ይጀምራል። ይፈርማሉ። ከስድስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ድልድዩ ከመፍረሱ በፊት ከማዶ በእግራቸው እየተሻገሩ ሥራ ይገቡ የነበሩ ናቸው። እትዬ እንኳ ፈርመው ወረቀቱን ሲያቀብሉኝ ዓይኔን አያዩም። «ጡረታዬ ስድስት ወር ቀርቶታል፣ የኔ ልጅ» ይሉኛል በሹክሹክታ።

«ፈርም እንጂ፣ ሰው አታስርብ» ይላሉ ሰብሳቢው። «ምሳ ሰዓት ደርሷል።»

እስክሪብቶውን አስቀምጬ እነሣለሁ። መስኮቱ ጋ ሄጄ አዲሱን መጋረጃ ስስበው ቀለበቶቹ ይንጫጫሉ።

ከሥር ወንዙ። ከወንዙ ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ለመጠባበቂያው የተመረጠው መጋዘን። ግድግዳው ላይ ያለፈው ጎርፍ የተወው የጭቃ መስመር ከበሩ ጉበን እኩል ነው። ዘበኛው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። መጋረጃው ሲከፈት ቀና ብሎ ያየናል፤ እጁንም ያነሣል።

ሰብሳቢው ሰላምታ የማይመልሱ ሰው አይደሉም። እጃቸውን ያነሣሉ። ከዚያ ቀስ አድርገው ያወርዱታል።

«መጋረጃውን መልሰው» ይላሉ።

አልመልሰውም።

«እንግዲያው ያልፈረምክበትን ምክንያት ለቃለ ጉባኤው አስረዳ።»

እትዬ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቃሉ። ማዶ ዘበኛው እጁን አሁንም አላወረደም።

«አላስረዳም» እላለሁ።