የጠራው ኩሬ

ዚክራ ማይክሮስኮፑን ደጋግማ ታስተካክላለች፤ ከኩሬው የቀዳችው ጠብታ ውስጥ ግን አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

ባለፈው ሳምንት ይኸው የኮምቦልቻ ዳር ኩሬ አረንጓዴ ነበር። በዓይን የማይታዩት ባለ አንድ ሕዋስ ዩግሊናዎች ጅራፍ የመሰለ ጭራቸውን እያወናጨፉ ወደ ብርሃን ሲሻሙ አይታለች። ፍግ የጠገበ ውሃ ይወዳሉ። ፍጉ የሚወርደው ከላይ ካለው የከብት ማድለቢያ ነው፤ የመንደሩ ሕፃናት ተቅማጥ የማይለቃቸውም ከዚሁ ውሃ የተነሳ ነው። የባዮሎጂ መምህርቷ ዚክራ ይህንኑ ልታሳይ ነበር ከጤና ቢሮ የመጣችውን ባለሙያ ወርቅነሽን እዚህ ድረስ ያመጣቻት። አሁን ዩግሊናዎቹ ሁሉ ተኮማትረው፣ ገርጥተው ሞተዋል። ውሃው በረኪና በረኪና ይላል።

"እንግዲህ ምንም የለበትም ብዬ ልሂድ?" ትላለች ወርቅነሽ።

ዚክራ ስልኳን አውጥታ ፒያሳ ሱቁ ውስጥ ላለው አባቷ ለአብዱልሐሚድ ትደውላለች። ማድለቢያው ውስጥ ድርሻ አለው። ሰው ፊት እንዳይዋረድባት ብላ ስለ ፍጉ ከሁሉ በፊት የነገረችው ለእሱ ነው፤ ባለሙያዋ የምትመጣበትንም ቀን አልደበቀችውም። "ወላሂ፣ ለፍጉ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ" ብሎ ምሎላታል። አምናው ነበር።

"አባዬ..."

"ጠራ አይደል?" ይላታል፣ ሳያስጨርሳት። "በቃ፣ አሁን ማንም አፉን አይከፍትብንም። አንቺም ዝም በይ።"

ባዕድ ቢያደርገው ትችለው ነበር። የገዛ አባቷ ግን ከአፏ የሰማውን ቀን ቆጥሮ፣ በእሷው እምነት ተጠቅሞ ጉድ ሠራት።

ይሄኔ የመንደሩ ሽማግሌ ሀጂ ዘይኑልአቢዲን ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብለዋል።

"አልሐምዱሊላህ፣ መድኃኒት ጨምራችሁ አጠራችሁልን" ይላሉ ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረው። "ሽታውንም እንለምደዋለን። ከብቶቹም ይጠጡ።"

ውሃውን በእፍኛቸው ዘግነው ሊጉመጠመጡ ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ዚክራ ሮጣ እጃቸውን ለቀም ታደርጋለች። የትልቅ ሰው እጅ እንዲህ አይያዝም። ሀጂ ግራ ተጋብተው ያዩዋታል።

"ምነው ልጄ?"

"አይንኩት፣ ሀጂ። መድኃኒት አይደለም። ፍጉን ለመደበቅ በረኪና ተደፍቶበታል።"

"ማነው የደፋው?"

ስልኩ በሌላኛው እጇ ነው፤ አልተዘጋም።

"አባቴ ነው" ትላለች።

ውሃው በሽማግሌው ጣቶች መሃል ተንጠባጥቦ ያልቃል። ከስልኩ የአባቷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።